ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ

የትራንዚት ፍተሻው መሣሪያ በመንገደኛው ላቀው ይመኑ ደረት ውስጥ ያልተለቀሰ ለቅሶ አገኘ። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ከሩብ ነበር።

ፈታሹ ትሕትና የማይለየው ጎልማሳ ነው። ስክሪኑን ወደ ላቀው አዞረለት። በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ጎድን በታች፣ ሎሚ የሚያህል ነገር ይታያል፤ ዳሩ ነጣ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ለቅሶ ነው።»

«ፈሳሽ ነው?»

ላቀው ትንሽ አሰበ። «ሲወጣ ፈሳሽ ነው» አለ።

ፈታሹ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ መሣሪያው ለካው። ሦስት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር። ወደ አውሮፕላን ይዞ መግባት የሚፈቀደው መቶ ነው። ሕጉ ግድግዳው ላይ በስምንት ቋንቋ ተጽፏል። አማርኛ የለበትም፤ ሥዕሉ ግን ለማንም ግልጽ ነው።

«ከአገሬ ስነሣ አሳልፈውኛል» አለ ላቀው።

እውነቱን ነው። እዚያ ያለችው ፈታሽ ስክሪኑን አይታ «ለማን ነው?» አለችው። «ለወንድሜ» አላት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ አሳለፈችው።

«እዚህ ግን አያልፍም» አለ ጎልማሳው። «ወይ በርሜሉ ውስጥ ይጥሉታል፤ ወይ ከሻንጣዎ ጋር ይጫናል፤ ሻንጣዎ ደግሞ ሄዷል። አለዚያ ይጠቀሙበት።»

«የት?»

«ከተማው ቅርብ ነው። ቀጣዩ በረራዎ በአሥራ አንድ ከሃያ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አለዎት።» አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠው። ላይዋ ላይ «ረጅም ቆይታዎን በጥሩ ያሳልፉ» የሚል ነበረባት።

ላቀው በርሜሉን አየ። ውኃ፣ ሻምፑ፣ አንድ ጠርሙስ ማር ነበረበት። ከሥር፣ ክዳኑ በፕላስቲክ የተጠፈረ አንድ ብልቃጥ ንጥር ቅቤ ተጋድሟል። ወረፋውን ለቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣ። እንደገና ተቀመጠ።

ላቀው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ የናፍጣ ሞተር ይጠግናል። ለቅሶው ደረቱ ውስጥ የገባው በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ እናቱ በሞተች ማግስት። ያን ጊዜ ወጣት ወንድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። አፋሾቹ ወንድ ልጅ ከእናቱ ለቅሶ እንደማይቀር ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነጠላ አዘቅዝቀው ከለቀስተኛው መሃል ተቀመጡ። ላቀውና ታላቅ ወንድሙ አስረስ ኮርኒሱ ላይ፣ ከለቀስተኛው ራስ በላይ፣ በሆዳቸው ተኝተው ነበር። ሦስት ቀን። ጎረቤታቸው በሻይ የራሰ ዳቦ ታቀብላቸው ነበር፤ ቆሎ ከሆነ ሲቆረጠም ይሰማላ። በሁለተኛው ቀን የእናታቸው እህት ከገጠር ደርሳ ከበር ላይ «ይርገዱ!» እያለች የእናታቸውን ስም ስትጠራ፣ ለቅሶው ከላቀው ሆድ ተነሥቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። አስረስ በመዳፉ አፈነው። ላቀው ዋጠው። ከዚያ ወዲህ አልቅሶ አያውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ለሌላ ሕመም ራጅ ሲነሣ ሐኪሙ አየውና «አይጎዳም፤ ግን አይጠፋም» አለው።

አስረስ ከዚያ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ። ሰሜን፣ ብርድ አገር ኖረ። በዓል በመጣ ቁጥር ይደዋወላሉ። «ደህና ነህ?» «ደህና።» «ዝናብ አለ?» «አለ።» ስለ ኮርኒሱ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ባለፈው ሰኞ አስረስ ሞተ፤ ልጁ ሰሎሜ ደወለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው አያለቅስም» አለች። «አበባ ይዘው ይመጡና ጫማቸውን ያያሉ። ዓርብ በአራት ሰዓት ነው የሚቀበረው። አባዬ አንድ ሰው እንኳ ሳያለቅስለት አፈር እንዳይገባ።»

«እመጣለሁ።»

«ታለቅሳለህ?»

«አለኝ» አላት ላቀው።

ስለዚህ ለቅሶው የአስረስ ነበር። ያፈነው እሱ ነው፤ የሚገባውም ለእሱ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

በርሜሎቹን በጋሪ የምትሰበስብ የጽዳት ሠራተኛ አጠገቡ ቆመች። ደረቷ ላይ «እማዋይሽ» የሚል ተለጥፏል።

«የኔ ወንድም፣ እንዳትጥለው» አለችው በአማርኛ። «ባለፈው አንዱ ጣለና እስከ ማታ ሲያነባ ዋለ።»

«ሰውዬው?»

«በርሜሉ። እኔ ነኝ ስጠርግ የዋልኩት።» የጋሪዋን ጎማ በእግሯ አቆመች። «መቀነስ ነው እንጂ ምን ይጣላል! መቶውን ታስቀራለህ። መቶ ማለት የሻይ ብርጭቆ እስከ ወገቡ ነው። ትርፉን ከተማ ገብተህ ታለቅሰዋለህ።»

«የት ሄጄ? መንገድ ላይ ቆሜ?»

«ለቅሶ ቤት ነዋ! ሐበሻ ባለበት ከተማ ለቅሶ ይጠፋል? ዛሬ ተካልኝ ይቀበራል፣ የሊፍት ጠጋኙ። ስድስተኛው ጣቢያ ውረድና በግራ ታጠፍ፤ ድንኳን ታያለህ። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።»

«ከጀመርኩ በኋላ ማቆም ቢያቅተኝስ?»

«እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች ጋሪዋን እየገፋች። «የኔ ሥራ ጽዳት ነው።»

የከተማ መግቢያ የሚሰጠው መስኮት ላይ ያለችው ሴት የጉብኝቱን ዓላማ ጠየቀችው። «ለቅሶ» አላት። ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች፤ ለቅሶ የለም። «ባህላዊ ዝግጅት አለ» አለች። «እሱ ይሁን» አላት። ቢጫ ወረቀት ሰጠችው። እስከ አሥር ሰዓት እንዲመለስ ተጽፎበታል።

ባቡሩ ውስጥ መቀመጥ አልሆነለትም። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተመላለሰ። የታጠፈችውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበባት። የሰዓት ሙዚየም አለ። በጀልባ መንሸራሸር አለ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው ግንብ አለ። ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ከማየቱ የተነሣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬም የራሱን ማየት ጀመረ። ከዚያ አጠገቡ ያለችው ሴት። ስድስተኛው ጣቢያ ሲደርሱ ፉርጎው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ድንኳኑ በሁለት ፎቆች መሃል ተተክሏል። ላቀው ጥቁር ኮት ለብሶ ትንሽ የእጅ ሻንጣ ይጎትታል። በድንኳኑ አፍ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አንዲት ሴት ከውስጥ ጮኸች።

«በላቸው! በላቸው መጣ!»

አርባ የሚሆን ሰው አንድ ላይ ተነሣ። የተካልኝን ወንድም በዓይኑ ያየ ከመሃላቸው የለም። ከሩቅ አገር፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ በቀብር ቀን የደረሰ ሰው ወንድም ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? በርዶ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ዘገየህ በላቸው! በር በሩን ሲያይልህ! መኪና በቆመ ቁጥር እሱ ነው ሲል!»

ላቀው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ለቅሶ ቤት ማስረዳት የሚሰማ ጆሮ የለም። ፊት ለፊት፣ ከሟቹ ፎቶግራፍ ጎን አስቀመጡት። ተካልኝ ሪዛም ሰው ነው። የመሣሪያ ቀበቶውን ታጥቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ተነሥቷል፤ ከላይ የሚመጣ ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስላል።

ከጎድኑ በታች ያለው ነገር ተንቀሳቀሰ። ላቀው በእጁ ያዘው። አምስት ሰዓት ነበር።

በቀኙ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጋሽ ምንውየለት ይባላሉ። ላቀው ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

«አባቴ፣ እኔ በላቸው አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ ፎቶግራፉን እያዩ።

«ያውቃሉ?»

«በላቸው ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ተካልኝ ልቡን ያመው ስለነበር መርዶውን ፈራነው። ዛሬ ነገ ስንል እሱ ራሱ ሄደ። ለትርንጎም አልነገርናትም። አሁን በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ላሸክማት? ቁጭ በል።»

«መንገደኛ ነኝ እኮ። በአሥር ሰዓት መመለስ አለብኝ።»

«በላቸውም ቢሆን ይቸኩል ነበር።»

ላቀው ስለ ፍተሻው፣ ስለ ሦስት መቶ አርባው፣ ስለ መቶው ነገራቸው። ሽማግሌው የእድር ክስ እንደሚሰማ ሰው አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው አዳመጡ።

«መቶው ለማን ነው?»

«ለወንድሜ።»

«መልካም። ሁለት መቶ አርባው ለተካልኝ ይሁን። ለወጉ ይበቃል።»

«ከጀመርኩ አላቆምም። ከመሃል ላይ አፌን ይያዙልኝ።»

ጋሽ ምንውየለት አሁን ዘወር ብለው አዩት። «ሠላሳ ዓመት እድር ስመራ አልቅስ ብዬ የለመንኩት ሰው ቁጥር የለውም። አፌን ያዙልኝ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። መሃሉ መድረሱን በምን አውቃለሁ?»

«ጉልበቴን ይዩት። ቀጥ ሲል ያዙኝ።»

የላቀው ቀኝ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮርኒሱ ላይ የጀመረው ነው። ተኝቶም አይቆምም፤ ሚስቱ ትራስ ጭናበት ነው የምታድረው።

ለቅሶው ግን እሺ ብሎ አልወጣም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ላቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። አቀረቀረ፤ ቀና አለ። አንድ ሰው ውኃ ሰጠው። ውኃ መጨመር እንዳይሆንበት ፈርቶ መለሰው። ሰዓቱን አየ። ከኋላው አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ደረቅ ነው፤ ድሮም ልበ ደረቅ ነው ይሉት ነበር» ስትል ሰማ። የተባለው በላቸው ቢሆንም ላቀውን ከፋው።

ሰባት ሰዓት ላይ ትርንጎ ደረቷን እየመታች ተነሣች።

«የሰውን ቤት ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረ! የናቱን ሬሳ ያላየ! የናቱን ለቅሶ ያልተቀመጠ!»

ያኔ መጣ። መጀመሪያ ከላቀው አፍ የወጣው አቧራ ነበር፤ የኮርኒስ አቧራ፣ ግራጫና ደረቅ። ፊት ለፊቱ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቀጥሎ የራሰ ዳቦ ሽታ ወጣ። ከዚያ ድምፁ። ድምፁ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ገና በመጎርነን ላይ ያለ፣ ከመሃል የሚሰበር የጎረምሳ ድምፅ ነበር። ማንም አልገረመውም።

«እማዬ!» አለ ላቀው። «እማዬ ይርገዱ! እላይ ነበርን እኮ! እላይ ነበርን!»

ትርንጎ ተቀበለችው። «ይርገዱ!» አለች። ድንኳኑ ሁሉ «ይርገዱ!» አለ። የተካልኝ እናት ስም ምን እንደነበር እዚያ ያለ ሰው አያውቅም፤ ተካልኝ «እማዬ» ከማለት ሌላ ጠርቷት አያውቅም። በላቸው እማዬ ያላት ለተካልኝም እማዬ ናት፤ ወንድማማቾች አይደሉ? ስለዚህ ለይርገዱ ተለቀሰላት። በነጠላ ተለቀሰላት፣ ደረት ተመታላት፣ ስሟ በማታውቀው ከተማ ከሁለቱ ፎቆች ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ተመላለሰ። የድንኳኑ ሸራ ከውስጥ በኩል ራሰና ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ የላቀው ጉልበት ቀጥ አለ።

ላቀው ራሱ አላወቀም። ማየት የነበረባቸው ጋሽ ምንውየለት ናቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን በመሐረብ ይዘው ያለቅሱ ነበር። ምን ያህል እንደቆዩ አይታወቅም። መሐረቡን ሲያወርዱ ጉልበቱን አዩት፤ ምርኩዛቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው አፉን ያዙት። የአስረስ መዳፍ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። ይህኛው የወገብ ቅባት ይሸታል። የተረፈው ለቅሶ ሁለት ጊዜ ገፋ፤ ከዚያ ተመልሶ ወረደ።

«ስንት ቀረ?» አሉ ጋሽ ምንውየለት እጃቸውን ሳያነሡ።

ላቀው ጎድኑን ዳበሰ። ትንሽ ነገር አለ። መቶ ይሁን፣ አምሳ ይሁን፣ ጠብታ ይሁን፣ በእጅ አይታወቅም። ጉልበቱ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ትርንጎ እንደሚሄድ ስትሰማ ቀና አለች። «ቀብሩን ሳታይ? በአሥራ አንድ እኮ ነው!»

«ሥራ አለበት» አሉ ጋሽ ምንውየለት።

«ድሮስ!» አለች፤ ግን ግንባሩን ሳመችው።

ባቡሩ ውስጥ አንድም ቃል እንዳያወጣ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ሰው እግሩን ሲረግጠው ከንፈሩን ይበልጥ ነከሰ። ወንድሙን ባዶ እጁን እንዳይቀብር ጎድኑን በሁለት መዳፉ ደግፎ ይዞ ነበር። ሰሎሜ ደወለች፤ አላነሣም። ደግማ ደወለች።

ፍተሻው ጋ ሲደርስ ለአሥር አምስት ጉዳይ ነበር። ያው ጎልማሳ ነው ያለው። ላቀው ጫማውን አውልቆ በመሣሪያው ውስጥ አለፈና ዓይኑን ጨፈነ።

«ዘጠና ሰባት» አለ ፈታሹ። «ያልፋል። ክዳን አለው?»

ላቀው ጣቱን ወደ አፉ ቀሰረ።

«ደህና። ተዘግቶ ይቆይ። አብረውዎት ያሉት ሰውም ይምጡ።»

ላቀው ዞረ። አንድ ሪዛም ሰው በካልሲው ቆሞ የመሣሪያ ቀበቶውን ሳህኑ ላይ እያስቀመጠ ነበር። ፈታሹ ሦስት ካቻቢቴ አወጣበትና በርሜሉ ውስጥ ጣላቸው። ሰውዬው አልተከራከረም። በመሣሪያው ውስጥ አለፈ። ፈታሹ ስክሪኑን አየ፤ ጠጋ ብሎ አየ።

«ውስጣቸው ምንም የለም» አለ።

«ምንም?» አለ ላቀው።

«ምንም። ይለፉ።»

ተካልኝ ጫማውን እያጠለቀ ላቀውን ቀና ብሎ አየው። «በላቸው፣ ጠቁረሃል» አለው።

«ፀሐይ ነው።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ከላቀው ጎን ያለው የመስኮት ወንበር ባዶ ነበር። ተካልኝ ተቀመጠበት። አስተናጋጇ ሰው ስትቆጥር እሱን ዘለለችው፤ ቀበቶውን ማሰሩን ግን አረጋገጠች። ላቀው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ፈለገ። ሁለቱንም ጊዜ ተካልኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገበት። እጁ ክብደት አልነበረውም።

«ምነው እንዲህ ያቁነጠንጥሃል? ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ።»

ላቀው ቀበቶውን አጠበቀ።

«ለእኔ ስንት ወጣ?» አለ ተካልኝ።

«ሁለት መቶ አርባ ሦስት።»

«አይ! ብዙ ነው» አለ ተካልኝ። ደስ እንዳለው ከሪዙ ታወቀ። «አሁን ወዴት ነን?»

«ቀብር።»

«የማን?»

አውሮፕላኑ መንደርደር ጀመረ። ላቀው አስረስን አሰበ። ይህንን ሰው ተመለከተ። በላቸውንም አሰበ፤ አይቶት ባያውቅም።

«የወንድማችን» አለ።

ተካልኝ ወደ እሱ ዞረ። መንኮራኩሮቹ ከመሬት ሲላቀቁ፣ «ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው።»

ተካልኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ወጉን ያውቃል። «ስንት አስቀርተህለታል?»

«ዘጠና ሰባት።»

«ትንሽ ነው።»

«የቀረው እሱ ነው።»

«እኔ እንኳ የለኝም» አለ ተካልኝ። «ግን አጠገብህ እቆማለሁ። ሁለት ሰው ከቆመ ለሰው ዓይን ይበቃል።» ወደ መስኮቱ ዞረ። ትንፋሹ መስተዋቱን አላደበዘዘውም።

ከመንደርደሪያው ጫፍ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የመቃብር ቦታ አለ። ከተማው ከሌላ አገር የመጡ ሰዎችን የሚቀብረው እዚያ ነው፤ ጩኸቱ አያስቸግራቸውም ተብሎ። አውሮፕላኑ ክንፉን አዘንብሎ በላዩ ዞረ። አርባ የሚሆን ነጠላ የለበሰ ሰው አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ከብቦ ቆሟል። የተካልኝ የሬሳ ሳጥን ጉድጓዱ ውስጥ አልነበረም። ከሰዎቹ ራስ በላይ ነበር። አራት ወንዶች በገመድ ወደ ታች ይጎትቱታል፤ እሱ ቀስ እያለ ይነሣል። ጋሽ ምንውየለት እንዲከብድ ብለው ላዩ ላይ ወጥተው ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እሳቸውንም ይዞ ይነሣል። ወንዶቹ አንድ በአንድ እጃቸው ሲላጥ ለቀቁ። አንዱን ገመድ ግን ትርንጎ ተቀብላ ያዘችው። ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ልትቀዳ ባልዲ እንደምታወርድ ሴት ገመዱን በእጆቿ መሃል ትንሽ በትንሽ ትለቅ ነበር፤ ሳጥኑ ግን የሚወርደው ወደ ላይ ነበር።